ተራራው የወሰደው ግፊት፦ የቤንዚን ቱርቦና ኮምፒውተሩ በላምበረት ከፍታ

ከላምበረት መናኸሪያ ተነሥቶ ወደ ወሎ የሚያቀና መኪና በኮተቤ፣ በለገጣፎና በሰንዳፋ አልፎ ደብረ ብርሃን ይገባል፤ ጣርማበርን ተሻግሮም ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ ይወርዳል። ላምበረት ከባሕር ወለል በላይ 2400 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። የእንጦጦ ጋራ እስከ 3200 ሜትር ይደርሳል፤ ጣርማበርም ከ3000 ሜትር በላይ ነው፤ ሸዋ ሮቢት ደግሞ 1280 ሜትር ላይ ትገኛለች። ባሕር ወለል ላይ የአየር ግፊት 101 ኪሎፓስካል ነው። ላምበረት ላይ ወደ 76፣ እንጦጦ አናት ላይ ወደ 68 ይወርዳል፤ ሸዋ ሮቢት ላይ 87 አካባቢ ይሆናል። በአንድ ቀን መንገድ ውስጥ ሞተሩ የሚስበው አየር ይህን ያህል ይሳሳል፣ ይወፍራል። ቱርቦ የሌለው የቤንዚን መኪና ለዚህ መላ የለውም፤ ላምበረት ላይ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን አጥቶ ነው የሚሄደው። ቱርቦ ያለው ግን የጎደለውን አየር ጨምቆ ሊሞላ ይችላል፤ ምን ያህል እንደሚሞላ የሚወስነውም የሞተሩ ኮምፒውተር ነው። ይህ ጽሑፍ ያንን ውሳኔ ያስተዋውቃል፤ የሚሟገትለትም አንድ ነገር አለ። አዲስ አበባ ላይ የቱርቦን ግፊት የሚያስተካክል ባለሙያ መነሻው በዙሪያው ያለው የአየር ግፊት መሆን አለበት። ቆላ ከተማ ውስጥ ትርፍ ሆኖ የሚቀመጠው የቱርቦ አቅም እዚህ አስቀድሞ ሥራ ላይ ውሏልና።

ቱርቦ ገና ከጅምሩ ከተራራ ጋር የተያያዘ መሣሪያ ነው። ስዊዛዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ቡቺ በጭስ ኃይል የሚዞር የአየር መጭመቂያ ሐሳቡን በፓተንት ያስመዘገበው በ1905 እ.ኤ.አ. ነበር። በ1918 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው የጄኔራል ኤሌክትሪክ መሐንዲስ ሳንፎርድ ሞስ ሊበርቲ የተባለውን የአውሮፕላን ሞተር ጭኖ ኮሎራዶ ውስጥ 4300 ሜትር ከፍታ ወዳለው የፓይክስ ፒክ ተራራ አናት ወጣ። ሞተሩ ዝቅተኛ ቦታ ላይ 350 የፈረስ ጉልበት ይሰጥ ነበር። ተራራው ላይ ያለ ቱርቦ 230 ብቻ ሰጠ፤ ቱርቦው ሲገጠምለት 356 ደረሰ። በዚያ ሙከራ ቱርቦው የሠራው ሥራ ከፍታው የወሰደውን መመለስ ነበር። ቱርቦ ወደ ቤት መኪና የገባው በ1962 እ.ኤ.አ. በኦልድስሞቢል ጄትፋየርና በሼቭሮሌት ኮርቬየር ሞንዛ ስፓይደር ሲሆን፣ ያን ጊዜ ሥራው ተለወጠ፤ ትንሽ ሞተር ሜዳ ላይም ቢሆን ከተፈጥሮ አቅሙ በላይ እንዲጎትት ማድረግ ሆነ። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ የሚነዳ ባለ ቱርቦ የቤንዚን መኪና ሁለቱንም ሥራዎች በአንድ ጊዜ ተሸክሟል፤ መጀመሪያ የከፍታውን ጉድለት ይሞላል፣ ከዚያ ላይ ደግሞ ፋብሪካው ቃል የገባውን ጭማሪ ያመጣል። ችግር የሚፈጠረው ባለሙያው ሁለተኛውን ሥራ ብቻ ሲቆጥር ነው።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። ከሲሊንደሮቹ የሚወጣው የጋለ ጭስ ተርባይኑን ያሽከረክራል፤ በዚያው ዘንግ ጫፍ ላይ የተተከለው መጭመቂያ ከአየር ፊልትሮው የመጣውን አየር ያፍናል። በትናንሽ መኪኖች ላይ ይህ ዘንግ በደቂቃ ከ200000 ዙር በላይ ሊሽከረከር ይችላል። የታፈነው አየር ይግላል፤ ስለዚህ ከራዲያተሩ ፊት ወይም ጎን በተቀመጠው ማቀዝቀዣ፣ በኢንተርኩለሩ፣ በኩል አልፎ ወደ ሞተሩ ይገባል። ጭሱ ሁሉ ተርባይኑን እንዲመታ ከተተወ ግፊቱ ገደብ ስለማይኖረው፣ ከተርባይኑ ጎን ዌስትጌት የሚባል ማለፊያ በር አለ። በሩ ሲከፈት የጭሱ ከፊል ተርባይኑን ሳይነካ ወደ ማርሚታው ይሄዳል። በብዙ መኪኖች ላይ ይህን በር የሚገፋው በስፕሪንግ የተያዘ ፊኛ ነው፤ ወደ ፊኛው የሚደርሰውን ግፊት የምትመጥነው ደግሞ ኮምፒውተሩ በሴኮንድ ብዙ ጊዜ የሚከፍታትና የሚዘጋት ትንሽ የኤሌክትሪክ ቫልቭ ናት። ኮምፒውተሩ ከአሽከርካሪው እግር ተነሥቶ ይህን ያህል ጉልበት ተጠየቀ ይላል፤ ለዚያ ጉልበት ምን ያህል አየር፣ ለአየሩም ምን ያህል ግፊት እንደሚያስፈልግ ያሰላል። በመጨረሻ ቫልቯ ከመቶ ስንት እጁን ጊዜ ክፍት ትሁን የሚለውን ይወስናል። የቱርቦ ግፊት ማስተካከል የሚባለው ሙያ ይህን የውሳኔ ሰንሰለት ማንበብና ማረም ነው።

የመጀመሪያው ስሕተት የሚፈጠረው በመለኪያው ላይ ነው። ዳሽቦርድ ላይ ለብቻው የሚገጠመው የቱርቦ ጌጅ በአብዛኛው የሚያሳየው ከውጭው አየር የሚበልጠውን ግፊት ብቻ ነው። ሲሊንደሩ ውስጥ ገብቶ ከቤንዚን ጋር የሚነድደውን አየር የሚወስነው ግን ጠቅላላው ግፊት ነው። ለምሳሌ ፋብሪካው 180 ኪሎፓስካል ጠቅላላ ግፊት አቅዷል እንበል። ባሕር ወለል ላይ ጌጁ 79 ያሳያል። ያው ሞተር፣ ያው አየር፣ ያው ጉልበት ላምበረት ላይ ሲሆን ጌጁ 104 ማሳየት አለበት፤ እንጦጦ ላይ 112። ጌጁ 104 ሲል ያየ ሰው ቱርቦው ከልኩ በላይ ሄዷል ብሎ ሊደነግጥ ይችላል። በተቃራኒው ከበይነመረብ ያገኘውን «0.8 ባር» የሚል ቁጥር ይዞ ላምበረት ላይ የሚያስተካክል ሰው ሞተሩን 156 ላይ ያቆመዋል፤ ፋብሪካው ካቀደው በታች ማለት ነው። ይህን ያየ ባለሙያ መኪናዋ ደክማለች ብሎ ግፊት መጨመር ሲጀምር፣ የት እንዳለና የት መቆም እንዳለበት የሚነግረው ነገር በእጁ የለም። ስለዚህ እዚህ ከተማ ውስጥ ማንኛውም ቁጥር ጠቅላላ ግፊት መሆኑና በምን ከፍታ እንደተለካ አብሮ ካልተጻፈ ዋጋ የለውም።

ሁለተኛውና ከባዱ ጉዳይ መጭመቂያው የሚከፍለው ዋጋ ነው። መጭመቂያ የሚደክመው በሚያወጣው ግፊት መጠን ብቻ አይደለም፤ የሚያወጣው ግፊት ከሚስበው ግፊት ስንት እጥፍ ነው የሚለው ይወስናል። 180 ለ101 ሲካፈል 1.78 እጥፍ ነው። ላምበረት ላይ 180 ለ76 ወደ 2.37፣ እንጦጦ ላይ 180 ለ68 ወደ 2.65 ይወጣል። የሚገባው አየር 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢሆንና የመጭመቂያው ብቃት 70 ከመቶ ነው ብንል፣ ከመጭመቂያው የሚወጣው አየር ባሕር ወለል ላይ ወደ 95 ዲግሪ፣ ላምበረት ላይ ወደ 137፣ እንጦጦ ላይ ወደ 155 ዲግሪ ይደርሳል። ለእያንዳንዱ ኪሎግራም አየር የሚወጣው ሥራ ላምበረት ላይ ብቻ ከግማሽ በላይ ጨምሯል ማለት ነው፤ ሞተሩ ያገኘው የአየር ግፊት ግን ያው 180 ነው። በዚያ ላይ የሚሳበው አየር ስስ ስለሆነ ያንኑ ክብደት ለማምጣት መጭመቂያው በድምር ሲሶ ያህል የሚበልጥ የአየር መጠን መዋጥ አለበት። ሁለቱ ተደምረው ዘንጉን ወደ ላይኛው የዙር ገደቡ ይገፉታል። ገና ምንም ያልተነካ የፋብሪካ መኪና እንኳ እዚህ ከተማ ውስጥ ደመወዙን አስቀድሞ እንደተበደረ ሠራተኛ ነው፤ በወረቀት ላይ ያለው ገቢ ሁሉ እጁ ላይ የለም። ከዚህ ላይ ሌላ 20 ወይም 30 ኪሎፓስካል የሚጨምር ሰው የሚያወጣው ተራራው ካስተረፈለት ጥቂት ነው።

ከፍታው መጭመቂያውን ብቻ ሳይሆን መቆጣጠሪያውንም ያናጋል። የዌስትጌቱ ፊኛ በአንድ ወገን የቱርቦው ግፊት፣ በሌላው ወገን የውጭው አየር አለበት። ስለዚህ ስፕሪንጉ የሚያውቀው ልዩነትን ብቻ ነው። ስፕሪንጉ በ50 ኪሎፓስካል የሚከፈት ከሆነ፣ ኮምፒውተሩ ምንም ሳይሠራ ባሕር ወለል ላይ 151 ጠቅላላ ግፊት ይገኛል፤ ላምበረት ላይ ግን 126 ብቻ። 180 ለመድረስ ቫልቯ ባሕር ወለል ላይ 29 ብቻ ትጨምራለች፤ እዚህ 54፣ እጥፍ ሊሆን ምንም ያህል የማይቀረው። ለከፍታ የታረመ መነሻ ሠንጠረዥ በሌለበት ጊዜ የሚሆነውን በላፕቶፕ ከተቀዳ መዝገብ ላይ በግልጽ ማየት ይቻላል። የተጠየቀው ግፊት 180 ላይ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ የተገኘው 160 አካባቢ ይንፏቀቃል። ጉድለቱን በየቅጽበቱ የሚያጠራቅመው የኮምፒውተሩ ስሌት ቀስ እያለ ይከመራል፤ የቫልቯ ድርሻ 70፣ 85፣ 95 ከመቶ እያለ ገደቡን ይነካል። ዙሩ ሲጨምርና ቱርቦው ሲነቃ ግፊቱ 180ን አልፎ ይዘላል፤ የተከመረው ስሌት በአንድ ጊዜ አይራገፍምና። አሽከርካሪው የሚሰማው መጀመሪያ ስንፍና፣ ቀጥሎ ድንገተኛ መወርወር፣ አንዳንዴም ኮምፒውተሩ ሞተሩን ለመከላከል ጉልበት ሲነፍግ የሚመጣውን መንተፋተፍ ነው። ይህን ሕመም ግፊት መጨመር አያድነውም፤ መድኃኒቱ የመነሻ ሠንጠረዡን በከፍታ ማረምና የማጠራቀሚያውን ስሌት ጣሪያ መወሰን ነው። እርማቱም ለአንድ ቦታ ብቻ ከሆነ ሌላ አደጋ አለው። ላምበረት ላይ 180 የሚያመጣውን የቫልቭ ድርሻ ደንድኖ እንዲቀር ያደረገ ሰው መኪናው ሸዋ ሮቢት ስትወርድ ወደ 191፣ ጅቡቲ ወደብ ስትደርስ ወደ 205 ሊገፋት ይችላል።

እዚህ ላይ በእኛ ጋራዦች የቱርቦ ልምድ በአብዛኛው ከናፍጣ የመጣ መሆኑን ማስታወስ ይገባል። አይሱዙና ሲኖትራክ ላይ ያደገ እጅ ተጨማሪ አየር ጉዳት የለውም ብሎ ያምናል፤ በናፍጣም ያ እውነት ነው ማለት ይቻላል። ናፍጣ ሞተር አየሩን ብቻ ጨምቆ ነዳጁን በመጨረሻ ይረጫል፤ የተረፈ አየር ያቀዘቅዘዋል እንጂ አይጎዳውም። ቤንዚን ግን ከአየሩ ጋር ተመጥኖ ከብልጭታው በፊት የሚቀላቀል ነዳጅ ነው። ድብልቁ ከመጠን በላይ ከጋለና ከተጨመቀ፣ ካንዴላው የለኮሰው እሳት ሳይደርስበት ዳር ያለው ክፍል በራሱ ይፈነዳል፤ ሞተር አንኳኳ የምንለው ይህንን ነው። አየር ሲጨመር ነዳጁ፣ የብልጭታው ጊዜና ግፊቱ አብረው ካልተመጠኑ ፒስቶን ይቀልጣል፣ ቀለበት ይሰበራል። የስዊድኑ ሳብ በ1982 እ.ኤ.አ. ኤፒሲ ያለውን መቆጣጠሪያ ወደ ገበያ ሲያወጣ የመለሰው ይህንን ጥያቄ ነበር። ማንኳኳትን የሚያዳምጥ ሴንሰር ሞተሩ ላይ ሰካ፤ ሞተሩ ማንኳኳት ሲጀምር ዌስትጌቱን ከፍቶ ግፊቱን ያወርዳል፣ ጥሩ ቤንዚን ሲያገኝ ይመልሰዋል። ከዚያ ወዲህ በቤንዚን ሞተር ውስጥ ግፊት የተወሰነ ቁጥር መሆኑ ቀርቶ፣ ሞተሩ በየቅጽበቱ በሚሰጠው ምላሽ የሚታረም ፈቃድ ሆኗል። የማንኳኳት ሴንሰሩን ስሜት አደንዝዞ ግፊት የሚጨምር ሰው ያንን ፈቃድ ሰጪ አፉን ዘጋው ማለት ነው።

አንድ ብርቱ ተቃውሞ አለ። «ከፍታው ሩብ ጉልበት ከወሰደ፣ እኛ የምንጨምረው የጠፋውን ነው፤ ሲሊንደሩ ከባሕር ወለል የበለጠ አላየ፣ ምን ይጎዳዋል?» ይባላል። እስከ ፋብሪካው ጠቅላላ ግፊት ድረስ ይህ ትክክል ነው፤ መኪናዋ 160 ላይ ቀርታ 180 የተፈቀደላት ከሆነ ወደ 180 መመለስ ተገቢ ሥራ ነው። ነገር ግን ላምበረት ላይ የሚገኘው 180 ከባሕር ወለሉ 180 ጋር በሁሉ ነገር እኩል አይደለም። የመጣው ከ40 ዲግሪ በላይ ግሎ ነው። የበለጠ ሥራ የተጠየቀው ተርባይንም ጭሱን ይበልጥ ይገታዋል፤ ሲሊንደሩ ውስጥ የሚቀረው የጋለ ጭስ ደግሞ ማንኳኳትን ያቀርባል። በዝቅተኛ ዙር ነገሩ ይብሳል። ቱርቦው እስኪነቃ ድረስ ሞተሩ የሚሠራው በስስ አየር ስለሆነ ጭሱም ጥቂት ነው፤ ቱርቦው ዘግይቶ ይነሣል። ያንን ክፍተት ለመሙላት ከታች ዙር ላይ ግፊት መከመር፣ በተለይ ቤንዚንን በቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ በሚረጩ ትናንሽ ሞተሮች ላይ፣ ብልጭታው ሳይመጣ የሚነሣ ቃጠሎ ሊጋብዝና በአንድ ምት ፒስቶን ሊሰብር ይችላል። ወደ እንጦጦ ዳገት ሲወጣ ማርሽ መቀነስ ከዚያ የተሻለ መላ ነው።

ሌላው ተቃውሞ የአየሩ ቅዝቃዜ ነው። አዲስ አበባ እንደ ጅቡቲ አትግልም፤ ቀዝቃዛ አየር ማንኳኳትን ይቀንሳል፤ ስለዚህ ግፊት መጨመር እንችላለን ይላሉ። ቅዝቃዜው ጥቅም እንዳለው አይካድም። ሆኖም ከላይ ያሉትን ቁጥሮች ያስተዋለ ሰው ሚዛኑ ወዴት እንደሚያጋድል ያያል። ከጅቡቲ በ15 ዲግሪ የቀዘቀዘ አየር ይዘን ብንጀምርም መጭመቂያው ከ40 ዲግሪ በላይ ይጨምርበታል። ኢንተርኩለሩን የሚያቀዘቅዘው ነፋስም ያው ስስ አየር ነው፤ በዚያው ፍጥነት የሚያልፈው ክብደቱ ስለሚያንስ ሙቀቱን የመውሰድ ኃይሉ ይቀንሳል። ከመገናኛ ወደ ላምበረት በሚደረገው የጠዋትና የማታ መጨናነቅ ውስጥ ደግሞ ነፋሱ ራሱ የለም።

«ኮምፒውተሩ ራሱ ያስተካክላል» የሚለው ሦስተኛው ተቃውሞ ግማሽ እውነት ነው። የውጭው ግፊት ሲቀንስ ከተርባይኑ በስተኋላ ያለው ግፊትም ስለሚቀንስ ተርባይኑ ትንሽ ጉልበት ያተርፋል፤ ኮምፒውተሩም የውጭውን ግፊት ለክቶ ብዙ ነገር ያርማል። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ በፎልክስዋገንና በአውዲ 1.8 ሊትር የቱርቦ ሞተሮች ላይ የገባው የቦሽ ሞትሮኒክ ኤም ኢ 7 የግፊት እጥፉን ራሱን የሚገድብ ሠንጠረዥ አለው፤ ከፍታ ሲጨምር የሚፈቅደውን ግፊት ዝቅ ያደርጋል። ይህ ገደብ ፋብሪካው መጭመቂያውን ከእኛ ዓይነቱ ተራራ ለማዳን ያበጀው ነው። አሳዛኙ ነገር ጉልበት ለመጨመር በየቦታው የሚሸጡ ዝግጁ ፋይሎች ይህንን ገደብ ከፍ ሊያደርጉት ወይም ሊያነሡት መቻላቸው ነው፤ ፋይሉን የሠራው ሰው ሜዳ ላይ ስላለ ገደቡ ሲነሣ አይሰማውም። ያው ፋይል ላምበረት ላይ ሲጫን ኮምፒውተሩ ራሱን የሚያስተካክልበት መሣሪያ ተወስዶበታል።

እንግዲህ በጥንቃቄ የሚሠራ ባለሙያ ቅደም ተከተሉን ከዚህ ያወጣዋል። መጀመሪያ ሞተሩ ሳይነሣ ቁልፉን ብቻ ከፍቶ በመመርመሪያው ላይ የአየር ማስገቢያ ግፊቱንና የውጭውን ግፊት ያነባል። ላምበረት ላይ ሁለቱም 76 አካባቢ ማለት አለባቸው። አንዱ 100 ካለ ሴንሰሩ ተበላሽቷል ወይም ኮምፒውተሩ በምትክ ቁጥር እየሠራ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚሠራው ሁሉ በውሸት ላይ ይገነባል። ቀጥሎ የአየር ፊልትሮውን ያያል። በበጋ አቧራ የታፈነ ፊልትሮ 5 ኪሎፓስካል ቢወስድ ባሕር ወለል ላይ የግፊት እጥፉ ከ1.78 ወደ 1.88 ይወጣል፤ ላምበረት ላይ ከ2.37 ወደ 2.54፣ ወደ እንጦጦ ግማሽ መንገድ የተወጣ ያህል። ቧንቧዎቹ አየር እንዳያፈሱ በግፊት ይፈትናል፤ የዌስትጌቱ ክንድ በነፃነት መንቀሳቀሱን ያረጋግጣል። ሠንጠረዦቹን የሚነካው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ሲነካም ግቡን በጠቅላላ ግፊት ይጽፋል፣ ለግፊት እጥፉ ጣሪያ ያስቀምጣል፣ የቫልቯን መነሻ ድርሻ ከውጭው ግፊት ጋር ያያይዛል። ውጤቱንም ላምበረት ላይ ብቻ ሳይሆን ወደ እንጦጦ በሚያወጣው ዳገት ላይና ዝቅ ባለ ቦታ፣ ለምሳሌ አዳማ ላይ ይፈትነዋል።

መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. ከኤሌክትሪክ በቀር ሌላ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑ ይህን ሁሉ ከንቱ ያደርገዋል የሚል ይኖራል። እኔ ግን ተቃራኒውን ነው የማየው። አዲስ የቤንዚን መኪና የማይገባ ከሆነ ያሉት ረጅም ዕድሜ እንዲኖሩ ይገደዳሉ። የተቃጠለ ቱርቦ ወይም የቀለጠ ፒስቶን የሚተካ ዕቃ ማግኘትም እየከበደ ይሄዳል። ስለዚህ በከፍታ ላይ የሚሠራን ሞተር ገደቡን አውቆ የሚያኖር እውቀት ከበፊቱ የበለጠ ያስፈልገናል፤ በቴክኒክና ሙያ ተቋማት በአውቶሞቲቭ ትምህርት ውስጥ ራሱን የቻለ ቦታ ሊሰጠው ይገባል። ሞተር በስስ አየር ውስጥ እንዴት እንደሚኖር ለማጥናት ከላምበረት እስከ እንጦጦ፣ ከጣርማበር እስከ ሸዋ ሮቢት ያለው መንገድ ብዙ አገር የማይታደለው የመሞከሪያ ስፍራ ነው። እስከዚያው የመኪና ባለቤት ጉልበት እንጨምርልህ ለሚለው ሁሉ ሁለት ጥያቄ ያቅርብ፦ ይህ ፋይል በየትኛው ከፍታ ተፈተነ? የውጭውን የአየር ግፊትና የግፊት እጥፉን የያዘውን መዝገብ ታሳየኛለህ? መዝገቡን አውጥቶ ማሳየት የማይችል ሰው ቁጥሩ ምንም ያህል ቢያጓጓ ሞተሩን እንዲነካ ሊፈቀድለት አይገባም።